የመጨረሻው ቆርቆሮ ያልመጣበት ፊልም

ሰውዬውን ያየሁት የመብራት እንጨት ላይ ተለጥፎ ነው። ሶዶ፣ ከአራዳ በላይ፣ ባጃጆች ተራ የሚይዙበት ጥግ፣ በጠፋ መታወቂያና በሚከራይ ቤት ማስታወቂያ መሀል፣ ያ የመስታወት ድስት ጭንቅላቱ ላይ የደፋ ፈረንጅ ድሮ እንደሚያየኝ ያየኛል። ቆምኩ። ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ መንገድ ላይ መቆም ለምጃለሁ፤ አላፊ አግዳሚው ደክሟት ነው ይላል እንጂ ከአንድ ፈረንጅ ጋር ተፋጥጣ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም። መነጽሬን አውጥቼ ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዘመን የማይሽራቸው የሚሏቸውን ፊልሞች እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በነጻ ያሳያሉ፤ የዚህ ሳምንቱ እሱ ነው። ዘመን የማይሽረው! እኔን ሽሮኛል፣ ከተማውን ሽሮታል፣ እሱ ግን ፊቱ ላይ አንዲት መስመር እንኳ አልጨመረም። ተናደድኩበት።

ያኔ ሲኒማ የምንለው የእህል መጋዘን የነበረ አዳራሽ ነው። ግድግዳውን ኖራ ቀብተው፣ ፊት ለፊት ነጭ አቡጀዲ ወጥረው፣ አግዳሚ ደረደሩበትና ሲኒማ ሆነ። በቆሎ በቆሎ የሚለው ሽታ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም፤ ዛሬም ወፍጮ ቤት በር ላይ ሳልፍ ፊልም ሊጀመር የደረሰ ይመስለኛል። ዝናብ ከጣለ የጣሪያው ቆርቆሮ ጩኸት የፈረንጆቹን ድምፅ ይውጠውና አፋቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ እናያለን። መግቢያው ከፊት ሃምሳ ሳንቲም፣ ከኋላ መደገፊያ ባላቸው ወንበሮች ላይ አንድ ብር ነበር። በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከቀትር ጀምሮ ዘፈን ይለቃል፤ ከሸክላው መቧጨር የተነሳ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር፣ ቢሆንም ከገበያ የሚመለሰው ሁሉ ይቆምለታል። ሸንኮራ ሻጮቹ ልጣጩን እዚያው ስለሚጥሉት ወደ አዳራሹ የሚገባው ልጣጭ እየረገጠ ነው። ወንዶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ሱሪ ለብሰው የሶዶን ቀይ አፈር በሱሪያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ ነበረን፤ እኔ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ በተቀበልኩት የመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት እሱን ነው፤ እናቴ ስታየው ለሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው። ፀሐፊውም፣ ነርሷም፣ ከሁምቦ በቆሎ ይዞ የመጣው ገበሬም አንድ አግዳሚ ላይ ይተሻሻል።

ጋሽ አንጁሎ የሚባል ሰው ነበር። ቀን ቀን የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው፤ ገበሬው በወላይትኛ የሚለውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው የሚለውን ለገበሬው በወላይትኛ ሲያቀብል ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓት ያንኑ ጥቁር ኮቱን እንደለበሰ ከአቡጀዲው አጠገብ ቀጭን ዘንግ ይዞ ይቆምና ፈረንጆቹን ያስተረጉማል። እንግሊዝኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቀሰመው ነው፤ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ይገምታል። ልማዱ የችሎት ስለሆነ “ይህ ሰው እንዲህ ሲል ያመለክታል፤ ሴቲቱ ግን ድርጊቱን ክዳለች” ይል ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ከፊት ለተቀመጡት የገበያ ሰዎች በወላይትኛ። በወላይትኛ ሲሆን ደግሞ ይረዝማል። ፈረንጁ አንዲት ቃል ተንፍሶ ዝም ካለ ቆይቷል፣ አንጁሎ ገና ምክንያቱን እየዘረዘረ ነው። ችሎት ላይ አንዲት ቃል እንዳይጨምር የተለጎመ አፍ ቅዳሜ ሲፈታ እንዲህ ነው የሚሆነው እያልን እንስቅበት ነበር።

ፊልሙ ፀሐይን አልፈው ስለሄዱ ሰዎች ነው። ምድር ላይ ውሃ ሊያልቅ ደርሷል፤ ሩቅ ኮከብ ላይ ውሃ አለ ይባላል፤ እና ጥቂት ሰዎች የብረት ቤት ተዘግቶባቸው ይላካሉ። እኛ የከተማዎቹ የብረት ቤቱን መብራትና ቁልፍ ስናደንቅ፣ ከሁምቦ የመጡት ግን ነገሩ ቶሎ ገባቸው። ውሃ ፍለጋ እንዲያ ርቆ መሄድ ለእነሱ ተረት አይደለም። መንገድ ላይ የብረት ቤቱ ይሰበራል። ያ የመስታወት ድስት የደፋው ሰውዬ ወገቡ ላይ ገመድ ታስሮለት ወደ ውጭ ይወጣና ይጠግናል። ጠግኖ ሲጨርስ ገመዱ ከብረቱ ጋር ይጠላለፋል። ሰውዬው በዚያ በጥቁሩ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ጓደኞቹ በክቧ መስኮት ያዩታል፣ አዳራሹ ትንፋሹን ይይዛል፤ ልክ እዚያ ላይ አቡጀዲው ነጭ ሆኖ መብራት ይበራል። ፊልም በክብ ቆርቆሮዎች ታሽጎ በአውቶብስ ጣሪያ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነበር የሚመጣው። የዚህ ፊልም የመጨረሻው ቆርቆሮ ወደ ሶዶ መጥቶ አያውቅም። አንዱ ሻሸመኔ ተረስቶ ቀርቷል ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ ተቃጥሏል ይላል። የሲኒማው ባለቤት ብራችንን መመለስ ስላልፈለገ አንጁሎን አስነሳው፤ አንጁሎም መብራት እንደበራ ዘንጉን ባዶ አቡጀዲ ላይ እየጠቆመ መጨረሻውን በቃል ነገረን። ጓደኞቹ ገመዱን ሳቡት፣ ሳቡት፣ አወጡት። ውሃውም ተገኘ። ሰውዬው ወደ አገሩ ሲገባ ሚስቱ ደጅ ወጥታ ተቀበለችው፣ ሰንጋ ተጣለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥል የቃሪያ ማባያችን፣ በላ፣ ዳጣው አንዱን ፈረንጅ አስለቀሰው። ከዚያ ዘንጉን ወለሉ ላይ መታ አደረገና “መዝገቡ ተዘግቷል!” አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ያን ቀን ሦስት ሆነን ነበር የሄድነው፤ እኔ፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበችና ባሏ ማቴዎስ። ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። ማቴዎስ የሁምቦ ልጅ ነው፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና በቆሎ የሚያመላልስ ሹፌር። አፍሮው ከመብዛቱ የተነሳ ኮፍያው ራሱ ላይ አይቀመጥም፣ አናቱ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ። ለሁላችንም የኋላውን ወንበር ከፍሎ፣ ለውዝ በጋዜጣ ጥቅልል ገዝቶ፣ ዳጣው ፈረንጁን አስለቀሰ ሲባል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ከፊቱ የተቀመጡትን ሴትዮ ነጠላ በለውዝ ልጣጭ ሞላው። እህቴ አፍራ በክርኗ ትጎሽመው ነበር። እኔ ያላገባሁ ልጅ ነበርኩና በሆዴ ባል ማለት እንዲህ ነው አልኩ።

ከዚያ ዘመኑ ተበላሸ። የትኛው ዘመን ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እዚህ አገር የተበላሸ ዘመን ብዙ ስለሆነ አንዱን ከሌላው መለየት ትቻለሁ። ለጦሩ ሹፌር ይፈለጋል ተባለና ማቴዎስን ከነመኪናው ወሰዱት፣ ወደ ሰሜን። እህቴ ታምራትን አርግዛ ነበር። አንድ ሁለቴ ደኅና ነኝ የሚል ቃል በሰው ላከ። ከዚያ ቃሉ ቆመ። አብረውት ከሄዱት ውስጥ አንዳንዱ በክራንች ተመለሰ፣ የአንዳንዱ መርዶ ተነገረ፤ የእሱን ግን ሞቱንም ሕይወቱንም አየሁ የሚል ጠፋ። ያ ፊልም በየጊዜው ይመለስ ነበር፤ የሲኒማው ባለቤት ሌላ ሲያጣ እሱን ያመጣል። በመጣ ቁጥር እህቴ ልጁን ለእናታችን ትታ ትሄዳለች። አንዳንዴ አብሬያት እሄድ ነበር። ስንወጣ ፊቷ ልክ ከምንጭ ታጥባ እንደተመለሰች ጥርት ያለ ነው፣ እርምጃዋም ይቀላል። ሰፈሩ “የጠፈርተኛው ሚስት” አላት። ሰውዬው ተመለሰ ሲባል መስማት ነው የምትፈልገው፣ አንጁሎ ነው በዚያ መለፍለፉ ያሳበዳት፣ ይሉ ነበር። እኔም ያልኩ ነኝ።

እኛ ዘንድ ሰው ሞተ የሚባለው ስለሞተ አይደለም፤ መርዶ ስለተነገረ ነው። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ በር ያንኳኳሉ፣ አንዱ ይናገራል፤ ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው። መርዶ ሳይነገራት የምታለቅስ ሚስት ሟርተኛ ናት፣ ባሏን በአፏ ገደለችው ይባላል። መርዶ ለመንገር ደግሞ ወሬ ያስፈልጋል። ወሬ አልመጣም። ስለዚህ ማቴዎስ ሶዶ ከተማ ውስጥ እንደ ሕያው ሰው ተቆጠረ። በጊፋታ፣ የእኛ የወላይታ አዲስ ዓመት በሚብትበት ሰሞን፣ ሰፈሩ ሰንጋ ጥሎ ቅርጫ ሲካፈል የማቴዎስ መደብ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ትክክል ነበር። በሁለተኛውም ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያቋርጠው? የማቴዎስ መደብ ዘንድሮ ይቅር ማለት ሞቷል ማለት ነው፤ ያንን በሚስቱ ፊት ለማለት አንጀቱ የጨከነ ወንድ ጠፋ። ሥጋውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ይልኩላታል፣ እሷም በሁለት እጇ ተቀብላ ታመሰግናለች። ታያላችሁ፣ ገና እየጠበቀችው ነው፣ ይሉና ለሚቀጥለውም ዓመት ይመድቡለታል። ሰንጋውን የሚጥሉት ሰዎች አረጁ፣ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ተተኩ፤ መልኩን አይቶት የማያውቅ ሰው መደብ ማውጣት ግን አልቀረም።

አዳራሹ በኋላ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ፣ ከዚያ ፈረሰ፤ አሁን ቦታው ላይ ጠቆር ባለ መስታወት የተሸፈነ ፎቅ ቆሟል። ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ሄደ። ጋሽ አንጁሎ ራሱ ከሞተ ዘመን አለፈው። ታምራት ተምሮ አስተማሪ ሆነ፣ አገባ፣ ጸጉሩ ሸበተ፤ ከአባቱ ዕድሜ በላይ ኖረ። እኔ ጡረታ ወጣሁ። ዘንድሮ ደግሞ እህቴ ታመመች። እግሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ ኦቶና ሆስፒታል ወስደናት ሐኪሙ፣ ከሰሜን የተመደበ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሷን ከክፍሉ አስወጥቶ በር ዘጋና ለእኔና ለታምራት የልቧን ነገር ነገረን። ቤት ውሰዷት፣ የምትወደውን አብሏት፣ አለ። እንዲህ የሚሉት ምን ሲሆን እንደሆነ በዚህ ዕድሜዬ አልስተውም።

እሁድ ታምራትን ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ከዚያ ፈረንጅ ጋር ያልጨረስነው ነገር ነበር መሰለኝ። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ አዳራሹ ምንም አይሸትም። ተማሪዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ግማሾቹ ስልካቸውን ያያሉ። አስተርጓሚ የለም፤ ከታች ጽሑፍ ይሮጣል። ዘንጉን ይዞ የሚቆም ሰው ባለመኖሩ ፊልሙ ራቁቱን የቆመ መሰለኝ። ሰውዬው በገመድ ወጣ፣ ጠገነ፣ ገመዱ ተጠላለፈ፤ እዚያ ላይ ሳላስበው ወደ ጣሪያው ቀና አልኩ፣ መብራት ሊበራ ነው ብዬ። አልበራም። ፊልሙ ቀጠለ። ጓደኞቹ አይስቡትም። ከሳቡት የብረት ቤቱ ይቀደዳል። ሰውዬው ራሱ ወገቡ ላይ ያለውን ገመድ ይፈታል። ውስጥ ያለችው ሴት በመነጋገሪያው ስሙን ትጠራለች፣ ትጠራለች፤ እሱ ሲመልስላት ይቆይና ድምፁ እየራቀ ይጠፋል። እሷ ግን መጥራቷን አላቆመችም። ከዚያ የመስኮቷን መዝጊያ ይዘጉባታል። ጥቁር ብቻ፣ ኮከብ ብቻ፣ ሙዚቃ እንኳ የለም። ውሃውን ማግኘት አለማግኘታቸውንም አይነግሩን። ከዚያ መብራቱ በራ።

“አንጁሎ ዋሸን” አልኩት ታምራትን፣ በሩ ላይ።

“አባዬም እንዲህ ነው የቀረው” አለ። እስከዚያች ቀን ስለ አባቱ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ከገባን በኋላ ወደ ውጭ እያየ ጨመረ፤ “አክስቴ፣ እማዬ ሳታለቅሰው ከሞተች ማን ያለቅሰዋል? እኔ አላውቀውም። ለማላውቀው ሰው እንዴት ነው የሚለቀሰው? ማልቀስ የምትችል እሷ ብቻ ናት፣ እሷም ልትሄድ ነው። ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ድንኳን ሳይጣልለት፣ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል።”

“ታዲያ ምን ይደረግ?”

“ፊልሙን እናሳያት። መጨረሻውን።”

“በፊልም መርዶ ይነገራል እንዴ! አብደሃል?” ብዬ ጮኽኩበት፤ የባጃጁ ሹፌር በመስታወቱ አየኝ። ቤት እስክንደርስ ሌላ መንገድ ፈልጌ አጣሁ። እህቴ የያዘችው አንጁሎ ያወጣውን ሰውዬ ነው፤ መቅረቱን ካላየች አትለቀውም። እንዲህ ነበር የገባኝ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ መብራት ነበረ። ታምራት ፊልሙን በፍላሽ አምጥቶ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። እትዬ ዘነበችን በትራስ ደግፈን አስቀመጥናት፤ እግሯን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩላት። ሰውዬውን ስታየው “ውይ ታ ጦሳው፣ አምላኬ! አላረጀም እኮ!” ብላ ሳቀች፣ ሳቋ ሳል ሆነ። እየቆየች እንደ አንጁሎ ታስተረጉምልን ጀመር። “ይህ ሰው እንዲህ ሲል ያመለክታል” ትላለች፤ ታምራት ሳይወድ ይስቃል። ገመዱ ሲጠላለፍ ማስተርጎሟን ተወች። ከዚያ በኋላ እኔ ቴሌቪዥኑን አላየሁም፣ እሷን ነው ያየሁት። ዓይኗ አልረጠበም። ሴትየዋ ስሙን ስትጠራ ብቻ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

“አበቃ?” አለች።

“አበቃ እትዬ።”

“ሰውዬው ቀረ።”

“ቀረ” አልኩ። “አንጁሎ ውሸታም ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።”

“ተይው፣ አይወቀስም። ቆርቆሮው አልመጣለትም፣ ምን ያድርግ? እኔ መቼ አመንኩት።”

ታምራት ቀና አለ። “አላመንሽውም?”

“በገመድ ተጎትቶ መጣ ሲል? ሕፃን ነኝ እንዴ? ለፈረንጅ ዳጣ ያበላ ሰው!”

“ታዲያ ፊልሙ በመጣ ቁጥር ትሄጂ የነበረው ለምንድን ነው?” አልኳት። ድምፄ እንደ ቁጣ ሆኖ ወጣ፤ ቁጣም ነበር።

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅናት። “እዚያ ይጨልማል” አለች። “ሰውዬው ሲንሳፈፍ ሁሉም ያለቅሳል፤ ማን ለምን እንዳለቀሰ የሚጠይቅ የለም። ፊልም ነው። ቤቴ ባለቅስ ገደለችው አትሉም ነበር? እማማ እንኳ ዓይኔ ቀልቶ ካየችኝ ሟርተኛ አትሁኚ ብላ ትቆጣኝ ነበር። እዚያ ሄጄ አልቅሼ፣ አንጁሎ ሲያበቃ ፊቴን ጠርጌ እወጣለሁ። አዳራሹ ሲዘጋ ያም ቀረ።”

“እኛ እኮ እየጠበቅሽው መስሎን ነው” አልኩ።

“እኔ የጠበቅኩት እናንተን ነው።” ይህንን ያለችው ሳትቆጣ ነው፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። “ጧት ጧት በሬን ስከፍት ዛሬ ቆመው ይሆናል እላለሁ። ማንም የለም። በጊፋታ መደቡን ስታመጡልኝ፣ እንግዲህ እነሱ የሰሙት ነገር አለ፣ በሕይወት አለ ማለት ነው እላለሁ። አልቀበልም ብል ደግሞ እኔው ገደልኩት ማለት ነው። እናንተ ጎረቤቶቹ፣ ወንድሞቹ ያልተዋችሁትን ሰው፣ እኔ ሚስቱ ቀድሜ እንዴት ልተወው?”

አንድ ሙሉ ሰፈር ለእሷ አዝኖ ዝም አለ፤ እሷ ለሰፈሩ ወግ አክብራ ዝም አለች፤ በዚያ መሀል አንድ ሰው ሳይለቀስለት አንድ ዕድሜ አለፈ። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ሥጋ እኔ ራሴ በእጄ ይዤላት የሄድኩባቸው ዓመታት አሉ፤ በር ላይ ስትቀበለኝ ፊቴን አተኩራ ታይ ነበር። ምን ትፈልግ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። ታምራት አልጋው ጫፍ ላይ ተንበረከከ፤ “እማዬ፣ አባዬ እኮ…” ብሎ ጀመረ።

እጇን አፉ ላይ ጫነችበት። “አንተ አይደለህም። ልጅ ለእናቱ መርዶ አይነግርም። በወጉ ይሁን።”

በወጉ እንዲሆን ሰው መፈለግ ጀመርን። መርዶ ሊነግሯት ይገባቸው የነበሩት ሁሉ የራሳቸው መርዶ ተነግሯል። የዕድራችን ሊቀ መንበር ከታምራት ጋር አንድ ክፍል የተማረ ልጅ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን አከከና “ግን እትዬ፣ በምን መረጃ? ከየትኛው አካል ተረጋገጠ?” አለኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የመንግሥት ደብዳቤ ስተይብ የኖርኩ ሴት ነኝና እንዲህ ላለው ጥያቄ መልስ አላጣም። “ማረጋገጫው ያንተ ሽበት ነው” አልኩት። “ስትወለድ የሄደ ሰው ነው። ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ሆነህ እንዳገኝህ።” የማቴዎስ ታላቅ ወንድም አቶ ዳና፣ እዚያው ሁምቦ፣ በሕይወት አሉ፤ ዓይናቸው ፈዟል፣ ጆሮአቸው ግን ደኅና ነው። ታምራት ሄዶ አመጣቸው። እኔ ቤት አደሩ፤ ወተት አቅርቤላቸው ለምን እስካሁን እንዳላለቀሱት ስጠይቃቸው ገርሟቸው ወደ እኔ ዞሩ። “ሚስት ሳያለቅስ እኛ እንዴት ያለቅሳል?” አሉ በዚያ ወላይትኛ በሚሰባብረው አማርኛቸው። “እሷ ዝም አለ፣ እኛም ዝም አልን። እሷ ነው የሚያውቀው ብለን።” ወተታቸውን እንዲጠጡ ለመንኳቸው።

መርዶ የሚነግር ሰው ጥቁር አይለብስም፤ ከሩቅ እንዳይታወቅ ነው። የዕለት ልብሳችንን ለብሰን ወጣን። ጉሙ ከዳሞታ ተራራ ወርዶ ሰፈሩ ላይ ተኝቶ ነበር፣ መንገዱ ረጥቧል። አቶ ዳና በአንድ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በሌላው የታምራትን ክንድ ይዘዋል። ሊቀ መንበሩ ከኋላ፣ ጎረቤት ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ድምፃቸውን አጥፍተው ቆመዋል። ድንኳኑና ወንበሩ ተዘጋጅቷል፣ ቄሱ ተነግሯቸዋል። ሊቀ መንበሩ አንኳኳ። ሰንበትበት ብሎ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ ያለ ሰው ድጋፍ ከአልጋ መነሳት ካቆመች ሳምንታት አልፈው ነበር። ጸጉሯን አበጥራለች፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሳለች። ዓይኗን በሁላችንም ላይ አዞረችና ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ወጉ እንደሚጠይቀው “ምነው በጧቱ? ደኅና ናችሁ?” አለች።

አቶ ዳና ከታምራት ክንድ ተላቀው ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄዱ። የተናገሩት በወላይትኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይሳሳል፣ ግን ያሉት ይኸው ነው፤ “እህቴ፣ ወንድሜ ማቴዎስ አርፏል። ልንነግርሽ መጣን።”

መቃኑን ያዘች። ይህን ያህል ዘመን የጠበቀችው ቃል ነው፣ ቶሎ ትወድቃለች ብዬ ልደግፋት ተጠግቼ ነበር። አልወደቀችም። መርዶ የሚነገራት ሚስት ሁሉ የምትጠይቀውን ጠየቀች።

“መቼ?”

ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ስለ ድንኳኑ ተነጋግረናል፣ ስለ ፍትሐቱ ተነጋግረናል፣ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚደግፋት ተነጋግረናል። ሊቀ መንበሩ መሬት መሬት አየ። ታምራት ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ አቶ ዳና። እህቴ መልሷን ትጠብቃለች።

“ቆይቷል” አሉ አቶ ዳና በመጨረሻ። “ቆይቷል እህቴ። በጣም ቆይቷል።”

ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጥላ ጮኸች። የጮኸችው በሃያ ዓመቷ ድምፅ ነው።